የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ቱቦ፦ ከሦስት ሴሚስተር አገልግሎት በኋላ

በማስተምርበት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሦስት ሴሚስተር ወዲህ የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ቱቦ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች በስስ ሽፋን አልፈው እንደ ሞገድ ሲበተኑ የሚያሳይ ዕቃ፣ ስንጠቀም ቆይተናል። ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት የሚያስቡ የሥራ ባልደረቦች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የአምራቹንም ሆነ የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም፤ በገበያ ላይ የሚገኙት የዚህ ዓይነት የማስተማሪያ ቱቦዎች በአሠራራቸው እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሌሎቹም የሚሠራ ይመስለኛል።

ዕቃው የሚፈትነው አንድ ነገር ነው። ሉዊ ደ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ኤሌክትሮንን የመሰለ ቅንጣት ሁሉ ከእንቅስቃሴው ጋር የተቆራኘ ሞገድ እንዳለው፣ የዚያም ሞገድ ርዝመት የፕላንክን ቋሚ ቁጥር ለቅንጣቱ ሞመንተም (ለመጠነ ቁሱና ለፍጥነቱ ብዜት) በማካፈል እንደሚገኝ ገልጾ ነበር። ይህ ሐሳብ ከኳንተም ፊዚክስ ምሰሶዎች አንዱ ነው፤ ተማሪው ግን ቀመሩን ከሰሌዳ ገልብጦ ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ እውነት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም። ቱቦውን የገዛነው ይህን ዕድል ለመስጠት ስለነበር፣ ግምገማዬንም የማደርገው በዚሁ ሚዛን ነው። ዕቃው የሚያምር ነገር ማሳየቱ አይበቃኝም፤ የምጠይቀው፣ ቀመሩ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ይህ ቱቦ ስሕተቱን ሊያጋልጥ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ነው።

ከሳጥኑ የሚወጣው አየሩ ተመጥጦ የታሸገ፣ አንገቱ ረጅም ሆኖ ጫፉ እንደ ሎሚ የከበበ የብርጭቆ አምፖል ነው። በአንገቱ ውስጥ በ6.3 ቮልት የሚግል ክር ካቶዱን (አሉታዊውን ጫፍ) ያሞቀውና ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይለቀቃሉ፤ እስከ 5,000 ቮልት በሚደርስ ቮልቴጅ ወደ አኖዱ (ወደ አዎንታዊው ጫፍ) ይሳባሉ፤ በአኖዱ ቀዳዳ ላይ ደግሞ በደቃቅ የብረት ወንፊት የተደገፈ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስስ የግራፋይት ሽፋን ተለጥፏል። ይህን ሽፋን ያለፉት ኤሌክትሮኖች 13.5 ሴንቲ ሜትር ተጉዘው በአምፖሉ ውስጠኛ ፊት ላይ የተቀባውን አብሪ ቅብ ይመታሉ። መቆሚያው ጠንካራ ነው፤ ሶኬቶቹም በተለያየ ቀለም ስለተለዩ ገመድ አሳስቶ መሰካት ቀላል አይደለም። ስለ አሠራሩ ጥራት የማማርርበት ነገር የለኝም።

መብራት ጠፍቶ መጋረጃ ተዘግቶ ቮልቴጁ ከፍ ሲደረግ፣ በስክሪኑ መካከል አንዲት ደማቅ አረንጓዴ ነጥብ፣ በዙሪያዋም ሁለት ቀለበቶች ይታያሉ። የቮልቴጁ ማዞሪያ ወደ ላይ ሲዞር ቀለበቶቹ እየጠበቡ ይደምቃሉ፤ ወደ ታች ሲመለስ እየሰፉ ይደበዝዛሉ፤ ከ2,500 ቮልት በታች እኛ ባለን ክፍል ውስጥ ለመለካት ያስቸግራሉ። ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ በሌላ ሙከራ ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ቀለበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት የምጠቀመው ጃንጥላን ነው። ማታ በተዘረጋ ጃንጥላ ጨርቅ ውስጥ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ቢመለከቱ፣ መብራቱ አንድ መሆኑ ቀርቶ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ብዙ ነጥቦች ይሆናል፤ ብርሃኑ በክሮቹ መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ሲያልፍ እንደ ሞገድ ስለሚበተን ነው። ጃንጥላውን ሲያዞሩት ነጥቦቹ አብረው ይዞራሉ። እንግዲህ ያንኑ ጨርቅ በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ አድርገው እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ አቅጣጫ ቢገጣጥሙት፣ ነጥቦቹ በየአቅጣጫው ተዘዋውረው ቀለበት ይሠራሉ። የግራፋይቱ ሽፋን እንዲሁ በየአቅጣጫው የተበተኑ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው፤ ክሩ የካርቦን አቶሞች ረድፍ፣ ክፍተቱም 0.213 እና 0.123 ናኖ ሜትር ነው። ሁለት ዓይነት ክፍተት ስላለ ቀለበቱ ሁለት ሆነ፤ የሁለቱ ክፍተቶች ውድር የ3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.73 ገደማ መሆኑ ደግሞ አቶሞቹ በንብ ቀፎ ዓይነት ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ መደርደራቸውን ይናገራል። ተማሪ በካሊፐር የሁለት ቀለበቶችን ዲያሜትር ለክቶ፣ አንዱን ለሌላው አካፍሎ የአቶሞችን አደራደር ቅርጽ ማግኘቱ ብቻውን የዕቃውን ዋጋ የሚያካክስ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ቀለበት ማየት ገና ፍተሻ አይደለም። መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ከዚህ ይጀምራል። መጽሐፉ ገመድ አቀጣጠልን በጥንቃቄና በጥሩ ሥዕል ያስረዳል፤ ወደ ፊዚክሱ ሲመጣ ግን ቀመሩን በመጀመሪያው ገጽ ሰጥቶ፣ ሊገኝ የሚገባውን ውጤት በሠንጠረዥ አስፍሮ፣ ተማሪው «እንዲያረጋግጥ» ያዛል። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ካሊፐሩን የሚያቆመው መልሱ ባለበት ቦታ ነው። እኛ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ እነዚያን ገጾች ማደል ትተን ሙከራውን በሌላ መንገድ አዋቅረነዋል፤ ዕቃውም እውነተኛ አቅሙን ያሳየው ያን ጊዜ ነው።

አወቃቀሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በ3,000 ቮልት የውስጠኛውን ቀለበት ዲያሜትር ይለካሉ፤ 28.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያገኛሉ። ከዚያም ቮልቴጁን ሳይነኩ በ5,000 ቮልት ስንት እንደሚሆን በሁለት መላ ምት አስልተው በወረቀት ይጽፋሉ። የመጀመሪያው መላ ምት ኤሌክትሮኖቹ እንደ ጥቃቅን ጥይቶች ናቸው፣ የሚበተኑትም በአቶሞቹ ኤሌክትሪካዊ ግፊት ከመንገዳቸው ወጥተው ነው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ፈጣን ጥይት ብዙም ስለማይጣመም ቀለበቱ በእርግጥ ይጠባል፤ ነገር ግን ትንሽ የመጣመም ማዕዘን ከጉልበት ጋር በግልባጭ ስለሚመጣጠን፣ ዲያሜትሩ በ3 ተባዝቶ ለ5 ተካፍሎ ወደ 17 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ሁለተኛው የደ ብሮይ መላ ምት ነው። ሞመንተም የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ የሞገዱ ርዝመት ከ22.4 ፒኮ ሜትር ወደ 17.3 ፒኮ ሜትር ይወርዳል፤ ዲያሜትሩም 22.0 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል። በሁለቱ ትንበያዎች መካከል ያለው ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ደግሞ ከመርካቶ የተገዛ የፕላስቲክ ካሊፐር እንኳን ያለ ችግር ይለየዋል።

ማዞሪያው ወደ 5,000 ሲደርስ ቀለበቱ 22 አካባቢ ይቆማል። ቀለበቱ መጥበቡን ብቻ አይቶ «ሞገድ ነው» ብሎ የሚፈርድ ተማሪ ተሳስቷል፤ ጥይቱም ቢሆን እንዲጠብ ያደርገው ነበርና። የሚፈርደው የመጥበቡ ልክ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉ ይህን ልዩነት በአንድ መስመር እንኳን ባለመጥቀሱ አዝናለሁ። የተማሪዎቼ ልኬት በአብዛኛው ከሚጠበቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ልዩነት ውስጥ ስለሚውል፣ በጥይቱ መላ ምት ላይ የሚሰጡት ፍርድ ይግባኝ የለውም።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ እስካሁን ከተጠየቅሁት ሁሉ የተሻለ ነበር። «መምህር፣ 0.213 መሆኑን ማን ነገረን? አምራቹ ቁጥሩን የሚያገኘው በዚሁ ቱቦ ከሆነ የምንዞረው በክብ ነው» አለች። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። የግራፋይት አቶሞች ርቀት የታወቀው ግን በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው፤ ኤክስሬይ ደግሞ ደ ብሮይ ስለ ኤሌክትሮን ከተናገረው ጋር የማይገናኝ፣ ሞገድነቱ ከእሱ በፊት የታወቀ ጨረር ነው። ስለዚህ ክቡ አይዘጋም። በተጨማሪም ከ3,000 ወደ 5,000 የሚደረገው ንጽጽር የርቀቱን ቁጥር ጨርሶ አይጠይቅም፤ የአቶሞቹን ርቀት ፈጽሞ የማያውቅ ሰው እንኳን ሁለቱን መላ ምቶች ሊለይ ይችላል። ቁጥሩ የሚያስፈልገው የፕላንክን ቋሚ ራሱን ለማውጣት ሲፈለግ ነው።

እዚህ ላይ የቱቦው ቅድመ አያቶች መጠቀስ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር በቤል ቤተ ሙከራ፣ በ54 ቮልት የተፋጠኑ ኤሌክትሮኖች ከኒኬል ክሪስታል ላይ ነጥረው በ50 ዲግሪ አቅጣጫ ከፍተኛ መጠን እንደሚያሳዩ ለኩ፤ ከልኬቱ የወጣው የሞገድ ርዝመት 0.165 ናኖ ሜትር ሲሆን ቀመሩ የሚሰጠው 0.167 ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ፓጄት ቶምሰን ከተማሪው ከአሌክሳንደር ሪድ ጋር በአበርዲን ኤሌክትሮኖችን በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ ቀለበቶቹን በፎቶግራፍ አነሣ። የእኛ ቱቦ የቶምሰን ልጅ ነው፤ ሽፋኑን የማዘጋጀትንና አየር የመምጠጥን ጣጣ ፋብሪካው ስለጨረሰው፣ በዚያን ጊዜ ወራት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠናቅቀዋል። ዴቪሰንና ቶምሰን የ1937ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታዬ ልለፍ። የሽያጭ ወረቀቱ ዕቃው «የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን ድርብ ባሕርይ ያረጋግጣል» ይላል፤ እያንዳንዱ ቅንጣትም ሞገድም ነው ማለቱ ነው። አያረጋግጥም። በቱቦው ውስጥ የሚፈሰው ጅረት 0.1 ሚሊ አምፔር ቢሆን፣ በየሰከንዱ 620 ትሪሊዮን ገደማ ኤሌክትሮኖች ይነጉዳሉ ማለት ነው። በ5,000 ቮልት የአንዱ ፍጥነት በሰከንድ 42,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 13.5 ሴንቲ ሜትሩን ለማቋረጥ የሚፈጅበት ከሦስት ናኖ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም፤ ሁሉም ግራፋይቱን ያልፋሉ ብንል እንኳን በዚያች ቅጽበት ሁለት ሚሊዮን ኤሌክትሮኖች አብረው በመንገድ ላይ ናቸው። እርግጥ አብዛኞቹ አኖዱ ላይ ስለሚቀሩ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ያም ሆኖ ብቻቸውን የሚጓዙ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ብልህ ተማሪ «ሞገዱ የብዙዎች ግፊያ ውጤት ነው፤ የውኃ ሞገድ የአንድ ጠብታ እንዳልሆነ ሁሉ» ቢል፣ በዚህ ቱቦ ልንመልስለት አንችልም።

መልሱ ያለው በሌላ ሙከራ ነው። አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በጃፓን በሂታቺ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት እጅግ ቀንሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በመሣሪያው ውስጥ እንዳይገኝ አደረጉ። በመጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የወደቁት ያለ ሥርዓት የተበተኑ ነጥቦች ይመስላሉ፤ ነጥቦቹ በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ብሩህና ጨለማ መስመሮች ቀስ ብለው ብቅ ይላሉ። እኔ የቱቦውን ትምህርት የዚያን ሙከራ ምስሎች በማሳየት እዘጋዋለሁ። ዕቃው ያልሠራውን ሥራ ለዕቃው መስጠት ሻጩን ይጠቅም ይሆናል፤ ተማሪውን ግን ማስረጃ ከሚፈቅደው በላይ መደምደም ያስለምደዋል።

ለአንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ ግን ቱቦው ራሱ መልስ አለው። ቀለበቱን የሚሠራው ከአኖዱ የሚወጣ ድብቅ ብርሃን ወይም ኤክስሬይ እንጂ ኤሌክትሮን አይደለም የሚል ቢኖር፣ አንዲት ትንሽ ማግኔት ወደ ቱቦው አንገት ማስጠጋት ይበቃል፤ ነጥቡም ቀለበቶቹም አንድ ላይ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ብርሃን በማግኔት አይጎተትም። ማግኔቷ ከዕቃው ጋር አትመጣም፤ ከተጣለ የድምፅ ማጉያ የወጣች ግን በደንብ ትሠራለች።

አሁን ስለ ችግሮቹ። የግራፋይቱ ሽፋን ከሁሉ ደካማው ክፍል ነው። ጅረቱ ከ0.2 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ ሽፋኑ ይግልና ሊቃጠል ይችላል፤ የመጀመሪያው ቱቦአችን የሞተው እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ቀለበቶቹን ይበልጥ ለማድመቅ ብሎ ጅረቱን ሲጨምር፣ ከአኖዱ መካከል ደብዛዛ ቀይ ፍም ታየ፤ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴዋ ነጥብ ብቻ ቀረች፣ ቀለበቶቹም ዳግም አልተመለሱም። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ከተማሪ እጅ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ጅረቱን በራሱ የሚገድብ አንዳች ነገር ሊኖረው ይገባ ነበር። ዋስትናው እንዲህ ያለውን ጉዳት አይሸፍንም፤ አቅራቢያችንም ምትኩን ለማምጣት ከአንድ ሴሚስተር በላይ ስላስጠበቀን፣ በመካከሉ ያለፉት ተማሪዎች ሙከራውን ያዩት በፎቶግራፍ ነው።

ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ኃይል አቅራቢ ለብቻው ይሸጣል፤ ይህንንም ሳያውቁ ቱቦውን ብቻ አዝዘው ወራት የጠበቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሲገዙ ጅረቱ በጥቂት ሚሊ አምፔር የተገደበውን መምረጥ ለሕይወትም ለቱቦውም ይበጃል፤ የቱቦው 0.2 ግን ከዚያ ገደብም እጅግ ያነሰ መሆኑ መረሳት የለበትም። መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ እንደተከፈተ ሆኖ ክሩ ገና ሳይሞቅ መነሣቱ ለቱቦው ዕድሜ ጥሩ ስላልሆነ፣ መብራት እንደጠፋ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መመለስን ደንብ አድርገነዋል፤ ሲመለስም ክሩን አንድ ደቂቃ ያህል አሙቀን ነው ቮልቴጁን የምናነሣው።

የስክሪኑ መክበብም ልኬትን ያዛባል። ውጨኛው ቀለበት በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሰፋ የሚያርፈው ወደ ግራፋይቱ በቀረበው የአምፖሉ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ በ3,000 ቮልት 49 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባው እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል። ለውስጠኛው ቀለበት ይህ ስሕተት ከምንም አይቆጠርም። ጊዜ ያለው መምህር እርማቱን ከተማሪዎቹ ጋር ቢያሰላው መልካም ነው፤ ጊዜ የሌለው በውስጠኛው ቀለበት ይመራ።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ማሳየት እየተቻለ ለምን ገንዘብ ይወጣል ይላሉ። የኮምፒውተር ማሳያ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ጨለማ ክፍልም አይጠይቅም፤ እኔም ለዝግጅት እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በማሳያው ውስጥ ቀለበቱ 22 ላይ የሚቆመው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የደ ብሮይን ቀመር ስላስገባበት ነው፤ 17 እንዲሆን ቢፈልግ አንድ መስመር መቀየር ይበቃዋል። ቱቦው ግን ማንም የነገረው ነገር ሳይኖር 22 ይላል።

ስለዚህ ዘመናዊ ፊዚክስ ለሚያስተምር የትምህርት ክፍል ቱቦውን እመክራለሁ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ጨለማ ክፍልና ከአጠገቡ የማይለይ ሠራተኛ ከሌለ አልመክርም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን እንኳን ከቱቦው አስቀድሞ ጅረቱን የሚያሳይ ማይክሮ አምፔር መለኪያ ይገዛ። እኛ አሁን መለኪያውን ከአኖዱ ጋር በተከታታይ አገናኝተን በፊቱ ላይ 150 ማይክሮ አምፔር ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምረናል፤ ሁለተኛው ቱቦ እስካሁን ያለው ከዚያ መስመር ወዲህ ነው።